ከእግር ቀዶ ሕክምና በኋላ ማን ያራምደን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ የጤና ዓምዳችሁ በእግር መሄድ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ዕድሜ የማይመርጥ እንቅስቃሴ ነው ብሎ መክሮናል። ምክሩን አልነቅፍም፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሆኜ ጸጉሬ እስኪሸብት ድረስ ለተማሪዎቼ ይህንኑ ስናገር ኖሬአለሁ። ነገር ግን የሚሄደው እግር ራሱ የታመመበት ሰው ምን ያድርግ? ታክሞ ሲነሳስ ከየት ይጀምር? ዓምዱ ይህን ሳያነሳ አለፈ። እኔ በዚያ በኩል ስላለፍኩ ጥቂት ልበል። ጥቂት ማለቴ ለወጉ ነው፤ ደብዳቤው ረዘም ይላል።

ሕመሜ ብዙ ሴቶች የሚያውቁት ነው። የእግር አውራ ጣት ወደ ሌሎቹ ጣቶች እየተጋደመ ሲሄድ ከሥሩ ያለው መገጣጠሚያ ወደ ውጭ ይወጣል። ጉብ ይላል፣ ይቀላል፣ ጫማ ሲነካው ያቃጥላል። ብዙ ሰው ትርፍ አጥንት የበቀለበት ይመስለዋል። ዋናው ነገር ግን አጥንቱ ቦታውን መልቀቁ ነው፤ ከጣቱ በስተኋላ ያለው ረጅሙ አጥንት ወደ ውስጠኛው የእግር ጎን ሲሸሽ፣ ጣቱ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ሁለተኛው ጣት ይጋደማል።

ሰዉ ሁሉ ጥፋቱን ባለ ተረከዝ ጫማ ላይ ይጥላል። ጫፉ የጠበበና ተረከዙ የረዘመ ጫማ ማባባሱ እውነት ነው። እናቴ ግን ዕድሜዋን በባዶ እግርና በኮንጎ ጫማ የጨረሰች የአምባሰል ገጠር ሴት ነበረች፤ ያው ጉብታ በሁለቱም እግሮቿ ላይ ነበር። እኔም የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሸራ ጫማ ነው። የእግር ቅርጽ በዘር ይወረሳል። ስለዚህ ታማሚዋን ገና ሳትቀመጥ «ጫማሽ ነው እኮ» እያላችሁ አትውቀሷት። እኔ ይህን ወቀሳ ከማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀር ሰምቻለሁ፤ አንድ የባጃጅ ሾፌር ሒሳብ እየመለሰልኝ ነግሮኛል።

ወደ ቀዶ ሕክምና ለመሄድ አልተጣደፍኩም። ለመልክ ሲባል የሚደረግ ነገር እንዳልሆነ ሐኪሙ መጀመሪያውኑ ነግሮኛል፤ ልክም ነው። በፊት ሰፊ ጫማ ይሞከራል፣ ጉብታውን ከጫማው የሚከልል ለስላሳ ነገር ይደረጋል፣ የሕመም ማስታገሻ ይወሰዳል። እነዚህ ሁሉ አልሆን ብለው ሕመሙ ከሥራና ከእንቅልፍ ሲያግድ ነው ቢላዋ የሚመጣው። ከተሠራ በኋላም ጣቱ ሊደርቅ ይችላል፤ ዓመታት ቆይቶ ተመልሶ የሚጋደምበት ሰው አለ፤ ከቁስሉ አጠገብ ያለው ቆዳ ሊደነዝዝ ይችላል። የእኔ ጣት በውስጥ በኩል አሁንም ደንዛዛ ነው። ተለማምጄዋለሁ፤ ይህን ለማማረር አይደለም የምጽፈው።

የተሠራሁት አዲስ አበባ ነው። አጥንቱን ቆረጡት፣ ወደ ቦታው ገፉት፣ በትንንሽ ብሎኖች አሰሩት። ብሎኖቹ ካላስቸገሩ ዕድሜ ልክ እዚያው ይቀራሉ። የቀዶ ሐኪሙን እጅ አላማም፤ ስፌቱን ያየ ሁሉ አድንቋል። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከመኝታው ተነስቼ ልብሴን ከለበስኩ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ግማሽ ገጽ የመውጫ ወረቀት ተሰጠኝ፤ አንዲት ወጣት ነርስ «እናቴ፣ እረፍት ያድርጉ፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉ፣ ስፌቱ በ2 ሳምንት ይወጣል» አለችኝ። ከዚያ በላይ የተናገረ አልነበረም። እንዴት ነው ደረጃ የምወርደው? መቼ ነው ጣቴን የማንቀሳቅሰው? ወደ ሥራዬ፣ ማለትም ወደ ሩጫና ዝላይ፣ በየትኛው ወር ነው የምመለሰው? ጠየቅሁ። «ቀስ በቀስ» ተባልኩ። ለሰውነት ማጎልመሻ መምህርት «ቀስ በቀስ» ማለት መልስ አይደለም፤ ቀስታም መጠንና ቅደም ተከተል አለው።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣርማ በርን አልፎ፣ ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አቋርጦ ሽቅብ ወደ ደሴ ሲወጣ ጤነኛ እግር እንኳን ያብጣል። እግርን ወደ ታች አንጠልጥሎ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ቁስሉን ከማሳበጥ አልፎ ደም በባት ውስጥ እንዲረጋ ያጋልጣል። ይህን የነገረኝ የለም። ከሩቅ ለሚመጣ ታካሚ ከሁሉ በፊት ሊነገር የሚገባው ይህ ነበር፤ በየመሐሉ ወርዶ በክራንች ትንሽ መንቀሳቀስ፣ ቁርጭምጭሚትን ማወዛወዝ፣ ከተቻለ የኋላውን ወንበር ይዞ እግርን መዘርጋት። ባት አብጦ ከጠነከረና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ይህን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጽፎ ማደል ምን ያህል ያስወጣል?

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት እግሩ ከልብ ከፍታ በላይ መዋል አለበት ይላሉ። ከወንበር ላይ ማድረግ አይበቃም፤ ተጋድሞ፣ በመከዳ ላይ ከፍ አድርጎ ነው። እንግዲህ ወሎ ውስጥ ታሞ የተኛን ሰው ማን ብቻውን ይተወዋል? ጎረቤቱ፣ ዕድሩ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ዘመዱ ከሐይቅም ከወረባቦም ይመጣል። «አብሽሪ! አፊያ ያድርግሽ!» ይላል አንዱ፤ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ትላለች ሌላዋ፤ ሁሉም ከልቡ ነው፤ እኔም ሁሉንም እወዳለሁ። ነገር ግን ጠያቂ ሲገባ ተጋድሞ መቀበል ነውር ነው። ብድግ ትያለሽ፣ እግርሽን ታወርጃለሽ፣ ቡናው ይፈላል። አቦል ሲጠጣ ጣቱ ይነዝራል፣ ቶና ላይ ልብ ያለው እግርሽ ውስጥ ነው የሚመስለው፣ በረካ ላይ ፋሻው ይጠባል። ከሐኪሙ ቤት ወጥቶ ወደ እኔ ቤት የመጣ አንድ ባለሙያ ቢኖር ኖሮ ለእኔ ሳይሆን ለጠያቂዎቹ ነበር መናገር ያለበት። በኋላ የእኅቴ ልጅ በሩ ላይ ቆማ «ተኝታ ነው የምትቀበላችሁ፣ ሐኪም ነው ያዘዘው» እያለች ማስገባት ጀመረች። «ሐኪም ነው ያዘዘው» የሚለው ንግግር ይሉኝታን የሚያሸንፍ ብቸኛው ኃይል ነው። ስለዚህ ሐኪሞቻችን እባካችሁ በወረቀት ላይ እዘዙልን።

አብሽም ጠጥቻለሁ፣ ተልባም ጠጥቻለሁ። አጥንት ይጠግናሉ ብዬ ሳይሆን የመጣልኝን ላለመመለስ ነው፤ ጉዳትም የላቸውም። አክስቴ ግን ወጌሻ ልታመጣ ተነሳች። ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ በተማሪዎቼ ላይ የወለቀ ጣት በደቂቃ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። በብሎን ታስሮ ገና ያልተያያዘ አጥንትን ማሸት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የተስተካከለውን ከቦታው ሊያንሸራትተው ይችላል።

«እታለም፣ እጁ እኮ የተባረከ ነው» አለችኝ።

«አክስቴ፣ ብሎኑ ከላላ ማን ያጠብቅልኛል?» ስላት ስቃ ተወችው። ከእኔዋ ሌላ ስንቷ አክስት ስቃ እንደምትተው እንጃ።

ስለ መጸዳጃ ቤት ደግሞ በጋዜጣ መጻፍ የሚያሳፍረው ሰው ይፈር፤ እኔ እጽፋለሁ። በከተማችንም በገጠራችንም አብዛኛው ቤት ያለው ቁጢጥ ተብሎ የሚቀመጡበት ነው። ቁጢጥ ለማለት የእግር ጣት መታጠፍ አለበት፤ የሰውነት ክብደትም ወደ ፊት፣ በትክክል ወደ ተሠራው መገጣጠሚያ ይመጣል። የተሰጠኝ ጫማ ደግሞ ሶሉ የማይታጠፍ፣ በተረከዝ ብቻ የሚረገጥ ነው። አናጢ ጠርቼ መቀመጫው የተበሳ ወንበር አሠራሁ። ከሁሉም ወጪዬ ርካሹና የተመሰገነው እሱ ነው። ከእኔ በኋላ ሁለት ጎረቤቶች ተውሰውታል፤ አንደኛዋ ጉልበቷን ነው የሚያማት።

ሶላትም አለ። በሱጁድ፣ ግንባር መሬት ሲነካ፣ የእግር ጣቶች ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ፣ ታጥፈው መሬት ይይዛሉ፤ በሁለቱ ሱጁዶች መካከል ስንቀመጥም የቀኝ እግር ተተክሎ ጣቱ ይታጠፋል። የተሠራው የቀኝ እግሬ ነው። የሰፈራችንን ኢማም አስጠየቅሁ። ያልቻለ ሰው በወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲሰግድ፣ ከሶላት በፊት የሚታጠቡትን ውዱእ ሲያደርግም ቁስሉን ውኃ ሳያስነካ በፋሻው ላይ እንዲያብስ የተፈቀደ መሆኑን አስረዱኝ፤ «ዲኑ ገር ነው፣ አብሽሪ» አሉኝ። ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፤ የእሷም ስግደት ጣት ማጠፉ አይቀርም፤ የቅዳሴ መቆሙም አለ፤ እሷም ለንስሐ አባቷ መንገር ይኖርባታል። ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከውጭ አገር ተተርጉሞ የሚመጣ መመሪያ ስለ ወንበር፣ ስለ መኪና መንዳት፣ ስለ ዋና ገንዳ ያወራል። መሬት ላይ ስለሚኖር፣ መሬት ላይ ስለሚሰግድ፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ስለሚል ሰው አያወራም። እሱን መጻፍ ያለብን እኛው ነን።

እስከዚህ ድረስ ያልኩት ስለ መተኛት ነው። ስለ መነሳት የተማርኩት ደግሞ ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ልጁ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ማከምን፣ አጥንቶ በሌላ ከተማ ይሠራል፤ በስልክ እየደወለ መራኝ። መቶ ሜትር ሮጦ ሲጨርስ ሜዳው ላይ ይዘረር የነበረ ልጅ «መምህር፣ ዛሬ አበዝተዋል፣ ያቁሙ» ሲለኝ መስማት የመምህርነት ደስታ ነው። ያለ እሱ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም፤ ሌላው ታካሚ ደግሞ እንዲህ ያለ ተማሪ የለውም።

በእኔ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና የተቆረጠው አጥንት አስተማማኝ በሆነ ሁኔታ መያያዝ የሚጀምረው ከ6 ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ነው፤ በራጅ ታይቶ ነው ከደረቁ ጫማ የሚወጣው። መገጣጠሚያ የሚያጣብቅ ሌላ ዓይነት አሠራር የተደረገለት ሰው ከዚያም በላይ ይቆያል። ጣቱን በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ግን ቀደም ብሎ፣ ቁስሉ ሲድንና ሐኪሙ ሲፈቅድ ይጀመራል፤ አለበለዚያ መገጣጠሚያው ይደርቃል። ከሥሩ ያለውን አጥንት በአንድ እጅ ያዝ አድርጎ፣ ጣቱን በሌላው እጅ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ያዝ አድርጎ መቆየት፣ መመለስ። ያማል። የሚያመውና የሚጎዳው አንድ አይደለም፤ ልዩነቱን የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። ተማሪዬ የሰጠኝ መለኪያ ይህ ነው፤ ከእንቅስቃሴ በኋላ የመጣው ሕመምና እብጠት በማግሥቱ ጠዋት ካልበረደ መጠኑ በዝቷልና ቀንሽ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም፤ አሁን ለተማሪዎቼም እሱን ነው የማስተምረው።

ከዚያ የልጅ ልጄን ብይ ቀማሁ። ብዮቹን መሬት ላይ በትኖ በእግር ጣት እያነሱ ሳህን ውስጥ መጨመር ነው። ልጁ መጀመሪያ ብዩን ስለወሰድኩበት አለቀሰ፣ ቀጥሎ ተወዳደረኝ፣ ከዚያ ደግሞ በእጁ እያነሳ በእግሬ አነሳሁ ማለት ጀመረ። ፎጣ ዘርግቶ በጣት መሰብሰብም አለ። ግድግዳ ይዞ በሁለት እግር ተረከዝ ማንሳት፣ እሱ ሲቀልል በአንድ እግር ማንሳት። በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ። እነዚህ ሁሉ ቤት ውስጥ የሚሠሩ፣ ዕቃ የማይጠይቁ ናቸው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን አረማመዴ ነው። ለዓመታት ያመመውን ጣት ላለመርገጥ በእግሬ የውጭ ጠርዝ መሄድ ለምጄ ኖሯል። ጣቱ ከተስተካከለ በኋላም እግሬ ያንኑ አልተወም። በዚህ ዓይነት የሚሄድ ሰው ትንሽ ቆይቶ የትንሹ ጣት በኩል ያመዋል፣ ቀጥሎ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ ዳሌው። ቀዶ ሕክምናው አልተሳካም ብሎ ያማርራል፤ የቀረው ግን አረማመዱን መልሶ መማር ነው። ተረከዝ መጀመሪያ ያርፋል፣ ክብደት በእግር መሐል ያልፋል፣ በመጨረሻ አውራ ጣት መሬቱን ገፍቶ ያስነሳል። ሰው ሁሉ ሳያስበው የሚያደርገውን ይህን ነገር እኔ በመስታወት ፊት እያየሁ፣ ጮክ ብዬ «ተረከዝ፣ መሐል፣ ጣት» እያልኩ ነው የተለማመድኩት። ባለቤቴ ወታደር የገባሁ መስሎት እንደነበር ይናገራል።

ለዚህ ልምምድ ደሴ አትመችም። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ዳገትና ቁልቁለት ናት። ሰው ዳገቱን ይፈራል፤ ለእግር ጣት የሚከፋው ግን ቁልቁለቱ ነው፤ ሲወርዱ እግር ወደ ጫማው ጫፍ ይንሸራተትና ጣቱን ይጫነዋል። የኮብልስቶን ድንጋይ በዝናብ ሲርስ ደግሞ ያንሸራትታል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ስወጣ በባጃጅ ሄጄ የሆጤን ሜዳ መርጫለሁ። «ለመራመድ ባጃጅ ትይዛለች» ብለው የሳቁብኝ ነበሩ። ይሳቁ። ሜዳው ላይ የምሄደውን ርቀት በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርኩ፣ ለጥ ያለው ሲለመድ ዳገት፣ በመጨረሻ ቁልቁለት አስገባሁ። ሩጫና ዝላይ ለአብዛኛው ሰው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚመለሰው፤ እኔ ወደ ኋለኛው ጫፍ ነኝ። ሳር ላይ ትንሽ ሶምሶማ፣ ትንሽ እርምጃ፣ እንደገና ሶምሶማ። ገመድ ዝላይ የመጨረሻው ነው፤ ሙሉ ክብደት በጣት ላይ ይወድቃልና። እብጠቱ ግን እስከ 1 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ማታ ማታ እግሬ አሁንም ሞላ ይላል፤ ይህ የመጥፎ ነገር ምልክት እንዳልሆነ ማወቅ እንቅልፍ ይሰጣል።

ጫማን በተመለከተ ሰኞ ገበያ ስትሄዱ ይህን ሞክሩ። ቤታችሁ ወረቀት ላይ ቆማችሁ የእግራችሁን ዙሪያ በእርሳስ አስምሩ፤ ወረቀቱን ቁረጡና ይዛችሁ ሂዱ። ጫማውን ወረቀቱ ላይ ስታስቀምጡት ወረቀቱ በጎን ከታየ ጫማው ጠቧችኋል። ነጋዴው «ሲለበስ ይሰፋል» ይላችኋል፤ የሚሰፋው ጫማው ሳይሆን የሚጣመመው ጣታችሁ ነው። እግር ቀኑን ሙሉ ውሎ የሚያብጠው ወደ ማታ ስለሆነ ያኔ መለካቱ ይሻላል። እኔ ምርጥ ጫማዬን ያገኘሁት ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ነው፤ የወንድ ነው፣ ቀለሙም አያምርም፤ ተማሪዎቼ ስም አውጥተውለታል፣ ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ስለ ራሴ ልተው። እኔ የመንግሥት መምህርት ነኝ፤ ርዕሰ መምህሩ ቀና ሰው ሆነውልኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ በፊሽካ አስተምሬአለሁ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ፊት ቆማ የምትውለዋ ልጅስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው ለመጀመሪያው 1 ወር ነው፤ ለሚቀጥሉት 2 ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ክፍያ ነው። አጥንት ለመያያዝ ቢያንስ 6 ሳምንት ይፈልጋል፣ ቀኑን ሙሉ ለመቆም ደግሞ ከዚያ በላይ። ስለዚህ ልጅቷ ደመወዟ ሲቆረጥ አጥንቷ ገና ሳይጠና ተነስታ ትሄዳለች። አዋጁን ለማሻሻል የምጽፍ አይደለሁም፤ አሠሪዎች ግን በእነዚያ ወራት ተቀምጦ የሚሠራ ቦታ ቢሰጡ የሚያጡት ነገር አይታየኝም። ሠራተኛዋም ቀዶ ሕክምናውን ከማድረጓ በፊት ሐኪሙ መቼ ቆማ መሥራት እንደምትችል በጽሑፍ ቢሰጣት፣ የምትከራከርበት ይኖራታል።

የቀጠሮ ጉዳይም ቀላል አይደለም። ይህ ቀዶ ሕክምና የድንገተኛ አይደለም፤ ወሩን መምረጥ ይቻላል። መምህራን የክረምቱን ዕረፍት ይመርጣሉ፤ ዕረፍቱ ይመቻል፣ ጭቃውና ዝናቡ ግን ፋሻ ለማድረቅ አይመችም፤ ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። በበጋ የተሠራ ደግሞ ሠርግ ያልፈዋል። አሁን ጎረቤቴ የእሷን እግር ልታሠራ አስባ «ሰኔ መጀመሪያ ብሠራ መስከረም 21 ግሸን እወጣለሁ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። በየዓመቱ በእግሯ የምትወጣ ሴት ናት። ቆጠርኩላት፤ ወደ 4 ወር ይጠጋል። አጥንቱ ይያያዝ ይሆናል፣ እብጠቱ ግን አይጠፋም፣ ከአምባው ስትወርድ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። እኔ መልስ የመስጠት ሥልጣን ስለሌለኝ ለሐኪሟ ይህንኑ ጥያቄ እንዳለ፣ ግሸንን ስሙን ጠርታ እንድትጠይቅ መከርኳት። «እንቅስቃሴ መቼ እጀምራለሁ?» ብላ ብትጠይቅ «ቀስ በቀስ» ነው የምትባለው። ተራራውን ስታስረዳው ግን ሐኪሙም ማሰብ ይኖርበታል። ቁልቁለቱን ፈርታ ዓመቱን ብታሳልፈው ደግሞ እመቤቴ አትቀየምም ብላኛለች።

ከዚህ ዝግጅት ክፍል የምለምነው የሚከብድ ነገር አይደለም። በጤና ዓምዳችሁ ላይ ከቀዶ ሐኪም ቀጥሎ ፊዚዮቴራፒስት ጋብዙልን። የመገጣጠሚያውን ስም በላቲን እንዲነግረን ሳይሆን ቁጢጥ ማለትን፣ ሱጁድን፣ ቡና ማፍላትን፣ የደሴን ቁልቁለት እያነሳ በሳምንት በሳምንቱ ምን እንደሚፈቀድ እንዲነግረን ነው። የአጥንት ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎችም አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ አዘጋጅተው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሳይሆን በፊት ይስጡን፤ ሰው ወንበሩን የሚያስበሳው፣ ፎቁን የሚለቀው፣ ጠያቂውን የሚያስጠነቅቀው አስቀድሞ ካወቀ ነው። መመሪያውን የሚያዘጋጅ ካለ በነጻ አነብለታለሁ፣ ለታካሚ የማይገባውን መስመርም አሰምርለታለሁ፤ የተማሪ ደብተር ሳርም ነው የኖርኩት።

ደብዳቤዬን የምታወጡት ከሆነ ከሰኔ በፊት ብታወጡልኝ እመርጣለሁ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለመሠራት አሁን ቀጠሮ የሚይዙ መምህራን አሉና።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት፣ ከደሴ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ተልኳል)